ወንበርን በራስ ልክ ማድረግ

በጎንደርና በዙሪያው ባለው ደጋ አገር፣ በባህላዊ መንገድ የሚሠራ ሸማኔ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ጉድጓድ ይቆፍራል። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ያወርድና መርገጫውን በእግሩ፣ መወርወሪያውን በእጁ ያንቀሳቅሳል። የጉድጓዱ ጥልቀት ከእግሩ ርዝመት ጋር ካልተስማማ ቀኑን ሙሉ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ የሚቆፍረው በራሱ ልክ ነው። ወንበር የሌለው ይህ ባለሙያ የተገነዘበውን ቁም ነገር ባለ ወንበሩ የቢሮ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል።

በዛሬው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ተሽከርካሪ ወንበር ከፍታው ይለወጣል። ከመቀመጫው ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ በኩል፣ እጀታ አለው። ከመቀመጫው በታች በቆመው ቱቦ ውስጥ የታመቀ ናይትሮጅን ስላለ፣ እጀታውን ይዞ ብድግ ያሉ እንደሆነ ወንበሩ ከፍ ይላል፤ እንደ ተቀመጡ የያዙት እንደሆነ በሰውነት ክብደት ዝቅ ይላል። ተስማሚው ከፍታ የሚታወቀው በእግር ነው፤ ይኸውም የውስጥ እግር ወለሉን በሙሉ ሲረግጥና ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ ያህል ሲታጠፍ ነው። በመቀመጫው ጠርዝና በቋንጃ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። አለዚያ ጠርዙ ቋንጃን እየተጫነ እግርን ያደነዝዛል። የመደገፊያው ጉብታም ከወገብ ስርጉድ ላይ ማረፍ አለበት።

ወንበሩ የማይለወጥ ቢሆንስ? የዚህ ምንባብ አዘጋጅ መምህር በነበረበት ጊዜ የተማሪዎችን ደብተር ያርም የነበረው በተራ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ጠረጴዛው ከፍ ያለ ስለ ነበረ ትከሻው እንደ ተሰቀለ ያመሽ ነበር፤ በክረምቱ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ሲጎብጥማ ሕመሙ እስከ አንገቱ ይዘልቅ ነበር። ከብዙ ሥቃይ በኋላ አንድ ብርድ ልብስ አጣጥፎ በመቀመጫው ላይ አነጠፈ። ክርኑ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሆነ፤ እግሩ ግን ከወለሉ ተነሥቶ ስለ ተንጠለጠለ ባዶ የእንጨት ሣጥን ከሥሩ አስቀመጠ። በሣምንቱ እርማቱን ያለ ሕመም ለመጨረስ በቃ።

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ደግሞ የመስኮቱን የላይኛ ጠርዝ ከዓይኑ ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ቢያኖረው አንገቱ አይጎብጥም።

ይሁን እንጂ የተስተካከለ ወንበርም ቢሆን ለረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ አይቀመጡበትም። በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት ያስፈልጋል። ለተላላኪ የሚሰጠውን ወረቀት አንዳንድ ጊዜ ራስ ይዞ ወደሚቀጥለው ክፍል መሄድ ለዚህ ይበቃል።