ከማሽላው ራስ በላይ

በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ሀብሩንና ራያ ቆቦን ሲወር ማሽላው ገና አልታጨደም ነበር። ገበሬው ጅራፍ ያጮሃል፣ ጀሪካን ይደበድባል፤ መንጋው ግን ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፤ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይጨርሳል። እንዲህ ባለው ቀን ሰው አንጋጦ የሚጠብቀው የርጭት አውሮፕላኑን ነው።

ይህ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ አንድ ሞተርና አንድ አብራሪ ብቻ አለው። አንበጣ ላይ ሲረጭ ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይበራል። ለመንገደኛ አውሮፕላን ከፍታ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋ እየተንሳፈፈ ማረፊያ ይፈልግበታል። የርጭት አብራሪ ግን ያለችው ፍጥነት ብቻ ናት። ሞተሩ ቀጥ ሲል እሷኑ ወደ ከፍታ ይመነዝራታል፦ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ጥቂት አሥር ሜትሮች ያገኛል። በዚያው ቅጽበት የጭነቱን በር ከፍቶ ኬሚካሉን በአንድ ጊዜ ይደፋዋል። ከዚያ ከፊቱ ያለው ማሳ ላይ መውረድ ነው። ዞሮ ወደ መጣበት መመለስ ያምራል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ባለቀ አውሮፕላን መዞር ክንፉን የመሸከም ኃይል ያሳጣዋል፤ ብዙዎችን የገደለውም ይኸው ነው።

ሞተር ለምን ይጠፋል? ነዳጅ ውስጥ የገባ ውኃ፣ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ፣ የተዘለለ ጥገና፣ አንዳንዴም (ለመናገር ያሳፍራል እንጂ) ያለቀ ነዳጅ ነው። በዚያው አካባቢ ባሉት ወልድያና መርሳ ደግሞ ከፍታው ራሱ ይጨመርበታል፦ ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር 1,500 ሜትር ላይ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል፤ በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። አንበጣውም ራሱ ጠላት ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከመንጋ ጋር ተጋጭቶ አዲስ አበባ ለማረፍ ተገዷል።

የዚህ አውሮፕላን ቅርጽ ራሱ መውደቅን አስቀድሞ ያሰበ ነው። የኬሚካሉ በርሜል ከአብራሪው ፊት ይቀመጣል፤ ከኋላ ቢሆን ኖሮ ሲከሰከስ አንድ ቶን ፈሳሽ ጀርባው ላይ በወደቀ ነበር። የአብራሪው ክፍል በብረት ቱቦ የታጠረ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መቁረጫ ስለት ተገጥሟል። ከነዚህ አንዱ የሆነውን አግ-ካት የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አገር ውስጥ ገጣጥሞት ነበር። ስሙን «እሸት» ብሎታል፤ ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣለት ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ አውሮፕላን ማሳችሁ ላይ ቢወርድ ሲጋራ አጥፉ፤ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቅረቡ፤ የፈሰሰውን አትንኩ፤ ኬሚካሉ በቆዳ በኩል ይገባልና። አብራሪው ልብሱ ከራሰ አውልቃችሁ በብዙ ውኃ እጠቡት፤ ልጆችንም አርቋቸው።