ጨው ቆጣቢው ዕጢ፦ የሌሊት ወፍ ምራቅ በማይክሮስኮፕ ሲታይ

ክንፉን ያየ «ወፍ ነው»፣ ጥርሱን ያየ «አይጥ ነው» ይላል። የሌሊት ወፍ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ በራሱ ክንፍ የሚበር ብቸኛው አጥቢ እንስሳ ነው። በቆቦና በራያ ቆላ ፀሐይ ከምዕራቡ ደጋ ጀርባ ስትጠልቅ፣ ነፍሳት በሊዎቹ በማሽላው ማሳ ላይ ያድናሉ፤ ፍራፍሬ በሊዎቹ ደግሞ የበሰለ ሾላ ይፈልጋሉ። ለመሆኑ ይህ የምግብ ልዩነት በምራቅ ዕጢያቸው ላይ ምን ምልክት ትቷል?

እንደ ሌሎች አጥቢዎች ሁሉ የሌሊት ወፍም ሦስት ጥንድ ዋና ዋና የምራቅ ዕጢዎች አሉት፤ እነርሱም ከጆሮ፣ ከታችኛው መንጋጋና ከምላስ ሥር ይገኛሉ። ዕጢው በማይክሮስኮፕ ሲጎላ የወይን ዘለላ ይመስላል፤ «ፍሬዎቹ» ምራቅ አመንጪ ሕዋሳት፣ «ዘንጎቹ» ምራቁን ወደ አፍ የሚያደርሱ ቱቦዎች ናቸው።

ከፍሬዎቹ የሚወጣው ምራቅ እንደ ደም ጨዋማ ነው። ፍራፍሬ ደግሞ ፖታሲየም ሲበዛበት ሶዲየም ያንሰዋል። በዚያ ላይ ይህ እንስሳ ፍሬውን ከላንቃው ጋር ጨምቆ ጭማቂውን ይውጥና ቃጫውን ከምራቁ ጋር ይተፋዋል። ታዲያ ጨዉ አያልቅበትምን?

መፍትሔው በቱቦው ውስጥ ነው። የቱቦው ሕዋሳት የሥር ሽፋን ደጋግሞ ታጥፎ፣ በእጥፋቶቹ መካከል ማይቶኮንድሪያ ተደርድሮበታል፤ ጭረት መስሎ የሚታየውም ይኸው ነው። ማይቶኮንድሪያው በሚሰጠው ኃይል ሕዋሱ ሶዲየሙን ወደ ደም ይመልሳል፣ ፖታሲየሙን ያስወጣል። በርናርድ ታንድለርና ካርልተን ፊሊፕስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባደረጉት ንጽጽር የዕጢው አወቃቀር ከዝርያ ዝርያ እንደሚለያይ፣ ልዩነቱም ከምግብ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። የራያ አርቢ ለከብቱ ጨው በማላስ የሚሞላውን ጉድለት፣ ፍራፍሬ በሊው በቱቦው ቁጠባ ይቋቋመዋል።

ይሁንና ይኸው ዕጢ የበሽታ መውጫም ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከአንጎል በነርቭ ወርዶ በአመንጪዎቹ ሕዋሳት ውስጥ ይባዛል፤ ከምራቁም ጋር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 ናይጄሪያ ውስጥ ከፍራፍሬ በሊ የሌሊት ወፎች የተገኘው የሌጎስ ቫይረስ የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በኢትዮጵያ ከተመረመሩት 115 ቫይረሶች አንዱ ይኸው የሌጎስ ቫይረስ ሲሆን የተገኘውም ከውሻ ነበር። የተለመደው ክትባት ዋናውን የእብድ ውሻ በሽታ በሚገባ ቢከላከልም ለዚህኛው ግን አስተማማኝ አይደለም።

ታዲያ ሾላውን እንቁረጥ፣ ዋሻውን በጭስ እንፈን? ፈጽሞ! በማሳችን ላይ ነፍሳትን የሚለቅምልን እርሱ ነውና። ይልቅስ የሌሊት ወፍን በባዶ እጃችን አንንካ። የተነከሰ ሰውም ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።