እግርና ዜማ፦ የሦስት የዜማ ሰዎች ሕይወት ከሕክምና አንጻር

መግቢያ

የታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን ሕመም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው የቤትሆቨን የመስማት ችግርና የሾፐን ሳል ነው። ጆሮ፣ ሳንባና ጣት ከሙዚቃ ጋር ያላቸው ግንኙነት ግልጽ በመሆኑ ብዙ ተጽፎባቸዋል። ስለ እግር ግን እምብዛም አልተባለም። ይሁን እንጂ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እግራቸው የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም ሁለቱ የኢትዮጵያ ልጆች ሲሆኑ ሕይወታቸው ከጎንደርና ከሰሜን ተራሮች ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ ጽሑፍ የቅዱስ ያሬድን፣ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ የነበረውን የዣን ባፕቲስት ሉሊንና የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ መሠረት በማድረግ ስለ ሕመም ስሜት፣ ስለ ቁስልና ስለ ባዶ እግር ያብራራል። ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የያሬድ እግርና የንጉሡ ጦር

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረ ሊቅ ሲሆን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስልቶች መሥራች እንደሆነ ይታመናል። ትውፊቱ እንደሚለው አንድ ቀን ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለ። ደሙ ቢፈስም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት ያሬድ የለመነው ከዓለም ተለይቶ እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች አቅንቶ ቀሪ ዘመኑን በዚያ አሳለፈ።

በተመስጦ ላይ ያለ ሰው የቁስል ሕመም ላይሰማው እንደሚችል የሕክምና ሳይንስም ያውቃል። አሜሪካዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከባድ ቁስል የደረሰባቸው ብዙ ወታደሮች የሕመም ማስታገሻ እንደማይፈልጉ ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፏል። በ1965 ደግሞ ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበት «በር» እንዳለና ይህም በር ከአንጎል በሚወርድ ትእዛዝ ጭምር ሊጠብብ እንደሚችል የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። በ1970ዎቹ አንጎል ራሱ የሚያመነጫቸው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች ተገኙ። ዛሬ ሙዚቃ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኖርን ሕመምና ጭንቀት ለመቀነስ እንደ ተጨማሪ እርዳታ ያገለግላል፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም።

የማይሰማ ቁስልም ቢሆን ቁስል መሆኑ አይቀርም። የሥጋ ደዌ ወይም የቆየ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ሕመም ስለማይሰማው ሳይታከም ይቆያል፤ መዘዙም እስከ እግር መቆረጥ ይደርሳል።

የሉሊ በትር

በጎንደር የአቋቋም ትምህርት የሚታወቀውን በአታ ለማርያምን ወይም ሌላ ደብር የሚያውቅ ሰው መዘምራኑ ምቱን በመቋሚያ እንዴት እንደሚጠብቁ ያውቃል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይም ሙዚቃ መሪው ረጅምና ከባድ በትር ይዞ ወለሉን በመምታት ምቱን ያሳይ ነበር። በፍሎረንስ የተወለደውና በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ያገኘው ሉሊ በጥር 1687 ንጉሡ ከፊንጢጣ ፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በመዳናቸው የተዘጋጀውን የምስጋና መዝሙር ሲመራ በትሩ የገዛ እግሩን ጣት መታው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ወደ ጋንግሪንም ተለወጠ። ሐኪሞች እንዲቆረጥ ቢመክሩትም በወጣትነቱ ከንጉሡ ጋር የጨፈረው ሉሊ እምቢ አለ። በመጋቢት 1687 ሞተ።

እምቢታውን መረዳት አያስቸግርም። የኤተር ማደንዘዣ በአደባባይ የታየው በ1846፣ ሊስተር የቁስልን ብክለት በኬሚካል የመከላከልን ዘዴ ያሳተመው በ1867 ነው። በሉሊ ዘመን እግር የሚቆረጠው ሰው ነቅቶ እያየ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ቁስል በጊዜው ከታጠበ፣ የሞተው አካል ከተወገደና ተገቢው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተሰጠ በአብዛኛው ይድናል። ሞት የሚያስከትለው መዘግየቱ ነው።

የእማሆይ ባዶ እግር

እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ ናቸው። እማሆይ በሕፃንነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ወደተባለች ደሴት ተግዘዋል። ከነጻነት በኋላ በካይሮ በፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ሲከለከል ግን ምግብ ትተው ለሞት እስኪያሰጉ ድረስ ታመሙ። ከዚያ በኋላ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ ጫማንም ሙዚቃንም ትተው በተራራው ላይ ለአሥር ዓመታት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ወደ አዲስ አበባ ከመለሷቸው ምክንያቶች አንዱ የእግራቸው ሕመም ነበር። ወደ ፒያኖም የተመለሱት ከዚህ በኋላ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በደጀ ሰላሙ የሚያድሩ፣ ቁራሽ ለምነው የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችን በየቀኑ ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡ። በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው የዚህ ውሳኔ ፍሬ ነው። ከሥራዎቻቸው አንዱ «ቤት አልባው መንገደኛ»፣ ሌላው «የእብዱ ሳቅ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ አላቸው። የአውሮፓ ፒያኖ ከያሬዳዊው ዜማ ጋር የተገናኘበት ይህ ሙዚቃ ለዓለም በሰፊው የተዋወቀው በ2006 ነው። እማሆይ በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የተማሪው እግር

እማሆይ ያዩት ችግር ለሐኪም አዲስ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ተማሪ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። በክረምት ልብስ ማጠብና ማድረቅ ስለሚያስቸግር ቅማል ይበዛል፤ ቅማልም የሚያገረሽ ትኩሳትንና ተስቦን ያስተላልፋል። የሚያገረሽ ትኩሳት በአንድ መጠን ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊድን ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል ታማሚው ሳይታይ ወደ ጎጆው መመለስ የለበትም።

ባዶ እግርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሙጀሌ፣ የመንጠቆ ትል፣ መንጋጋ ቆልፍና ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት ይጠቀሳሉ። ይህ የመጨረሻው በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዓለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት በሚሄዱ፣ በዘርም ተጋላጭነት ባላቸው ሰዎች ላይ ይከሰታል። ደቃቅ የአፈር ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ ቧንቧዎቹም ቀስ በቀስ ይደፈናሉ። መጀመሪያ እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ከዚያም እብጠቱ ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት የአፈሩን ድርሻ ለይቶ አሳይቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም እንደ እርግማን ስለሚታይ ታማሚው ከትዳርና ከማኅበር ይገለላል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ሕመሙ በጀመራቸውም ዘንድ ማጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከሦስቱ ሰዎች ታሪክ ለሕክምና ባለሙያ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። የሕመም ስሜት የቁስሉን መጠን ሁልጊዜ አይገልጽም፤ ትንሽ ቁስል በመዘግየት ይገድላል፤ ባዶ እግር ደግሞ ለብዙ በሽታ በር ይከፍታል። እማሆይ ሐኪም ባይሆኑም በጎንደር ደጀ ሰላም ያለፉትን ተማሪ ቆም ብለው አይተዋል፤ ባላቸውም ሙያ ሊረዱት ተነሥተዋል። በጎንደር፣ በትክል ድንጋይም ሆነ በደባርቅ የሚሠራ ባለሙያ ለትኩሳት የመጣውን የቆሎ ተማሪ ደረት ካዳመጠ በኋላ የልብሱን ስፌት ለቅማል፣ እግሩንም ለቁስልና ለእብጠት ቢመረምር የሚወስድበት ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።