ውሃ የማያልፈው ስስ ነገር

ሐርጌሳ ውስጥ ዳሚ የሚባል ሠፈር አለ። ነዋሪዎቹ በብዛት ጋቦዬ የሚባሉ ሰዎች ናቸው፤ ቆዳ ማልፋት፣ ጫማ መስፋት፣ ብረት መቀጥቀጥና ፀጉር መቁረጥ ከጥንት ጀምሮ የእነሱ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ጎረቤቱ በእጃቸው ሥራ ይጠቀማል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። በእኛም አገር ቆዳ ፋቂና ብረት ቀጥቃጭ የደረሰበት ይኸው ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ቆዳ ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደሚያግድ ከሳይንቲስት በፊት ያወቁት እነዚህ የተናቁ እጆች ናቸውና።

ቆዳ አልፊው ትኩሱን የበግ ቆዳ በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ይዘፈዝፋል። ፀጉሩ ይላቀቃል፣ ከፀጉሩ ጋርም የላይኛው ስስ ሽፋን ተልጦ ይሄዳል። በሥጋው በኩል ያለውን በቢላ ይፍቃል። የሚቀረው መካከለኛው ክፍል ነው፤ ኮላጅን የሚባሉ ጠንካራ ጭረቶች እንደ ጋቢ ተጠላልፈው የተሠሩበት። የግራር ቅርፊት ዝፍዝፍ እነዚህን ጭረቶች እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል፤ ቆዳው አይበሰብስም። በዚህ በለፋ ቆዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ይጠቁራል፣ ይሰፋል፣ ይሰርጋል። ያንኑ ጠብታ በእጅዎ ጀርባ ላይ ቢያደርጉት ግን ተንከባልሎ ይወድቃል ወይም እዚያው ይደርቃል። ሁለቱም ቆዳ ናቸው። ልዩነቱ አልፊው አስቀድሞ በጣለው ስስ ሽፋን ላይ ነው።

ያ ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ይወፍራል፤ ከወረቀት ይሳሳል። የሞቱ፣ የጠፈጠፉ፣ ኬራቲን የሞላቸው ሴሎች ይደረደሩበታል፤ በመሀላቸው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የቅባት አሲዶች ይገኛሉ። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ፒተር ኤላያስ ይህን ከጡብና ከጭቃ ግንብ ጋር አመሳስሎታል። ውሃውን በዋናነት የሚይዘው ጡቡ ሳይሆን ጭቃው፣ ማለትም ቅባቱ ነው። እንዲያም ሆኖ ላብ ሳይቆጠር በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በቆዳችን በኩል ይተናል። ማሳለፍ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ የፍየል ቆዳ የውሃ ስልቻ ውስጡ ያለውን የሚያቀዘቅዘው ላብ እንደሚያልበው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስለሚያመልጠውና ስለሚተን ነው።

ወደ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ትንሽነትና ቅባት ወዳድነት ይጠይቃል። ሞለኪውሉ ከ500 ዳልተን ካለፈ በጤናማ ቆዳ በኩል መግባቱ ይከብዳል። ኒኮቲን 162 ዳልተን ብቻ ስለሆነ በሚለጠፍ ፕላስተር ይሰጣል። ኢንሱሊን 5,800 ገደማ ስለሆነ እሱ የሚያስፈልገው የስኳር ታማሚ በመርፌ ለመወጋት ይገደዳል።

ሴልም የራሱ አጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የቀይ የደም ሴል ቅባትን አውጥተው በውሃ ላይ ሲዘረጉት ስፋቱ የሴሉን ገጽ እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት፤ ሽፋኑ ድርብ መሆኑን ከዚህ ደረሱበት። ውሃ በዚህ ቅባት ውስጥ በፍጥነት ማለፍ አይችልም፤ የሚያልፍበትን በር ያገኘው ተመራማሪው ፒተር አግሬ ነው። አኳፖሪን የተባለው ይህ ፕሮቲን በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎችን ሲያሳልፍ ፕሮቶንን አያሳልፍም። አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በአንጀትም ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው የሚገቡበት በር አለ፤ ኦአርኤስ የተባለው የጨውና የስኳር ውህድ ኮሌራ የያዘውን ሰው የሚያተርፈው በዚሁ በር ነው።

አጥሩ ሲላላ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2006 አውሮፓ ውስጥ ፊላግሪን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ዘረ መል ጉድለት ከአለርጂ ኤግዚማ ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያውያን ኤግዚማ ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት ግን በዚሁ ዘረ መል ላይ አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ አገኘ። ለአውሮፓውያን የተገኘው ማብራሪያ ለእኛ ሕመምተኞች አይበቃም ማለት ነው፤ የራሳችንን ቆዳ ራሳችን ልንመረምር ይገባል።

ለእኔ ከሁሉ የሚብሰው ግን ከአፈር የሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት ነው። በደጋው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣውን ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረግጡት ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ፤ እግር ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ቅንጣቶቹን በታማሚዎች የሊምፍ እጢ ውስጥ አግኝቷቸዋል። በአገራችን ታማሚው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በሽታው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ታማሚው ግን ልክ እንደ ዳሚው ጫማ ሰፊ በጋብቻ ይገለላል፤ ከበሽታው የሚጠብቀው ደግሞ ያው የተናቀው ሰው የሚሰፋው ጫማ ነው።

ያበጠው እግር ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃ መያዝ ያቅተዋል፤ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባና ትኩሳት ያለበት ሕመም ይነሳል። ስለዚህ ታማሚው በየቀኑ እግሩን በሳሙና ታጥቦ ይዘፈዝፋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢትዮጵያ ሙከራ በመዘፍዘፊያው ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመር ከእግሩ የሚተነው ውሃ ይበልጥ እንደቀነሰና ቆዳው የተሻለ እርጥበት እንደያዘ አሳይቷል። መዘፍዘፊያውም ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ወርዷል። እግሯ ያበጠ እናት ከወንዝ የምትሸከመው 5 ሊትር በየቀኑ ይቀርላታል።