ዶሮ ባስቀመጣት ቁጥር ካፕሱል?

ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ላይ ዶሮ ክንፏን ጥላ ስታንቀላፋና ኩሷ ሲቀጥን፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ካፕሱሉን ፈቶ ውሃዋ ውስጥ መበተን ነው። ከዳነች መድኃኒቱ ይመሰገናል፤ ከሞተች «ፈንግል ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ችኩል ፍርድ ነው።

ተረት፦ ቴትራሳይክሊን ለማንኛውም ተቅማጥ ይሆናል።

እውነታ፦ ባክቴሪያን እንጂ ወስፋትን አይገድልም፤ የፈንግልን ቫይረስም አይነካም። ይባስ ብሎ ርዝራዡ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል፤ እንቁላሉን የሚበላው ደግሞ ልጃችን ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠርና የአንገት መጠምዘዝ ከታየ ፈንግልን ጠርጥሩ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ያለው ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው፤ እሱም ለጤነኛዋ እንጂ ለታመመችው አይጠቅማትም። ጫጩቶች ደም የቀላቀለ ኩስ ከጣሉ ግን ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ አምፕሮሊየም በጊዜ ከደረሰ ያድናቸዋል።

ተረት፦ ቡናማ፣ ዝልግልግና የሚከረፋ ኩስ በሽታ ነው።

እውነታ፦ ጤነኛ ዶሮም በቀን ጥቂት ጊዜ ትጥለዋለች፤ ከዕውር አንጀቷ የሚወጣ ነው። ኩሱ ላይ ያለው ነጭም ሽንቷ ነው እንጂ ትል አይደለም።

ተረት፦ የትል መድኃኒት አንዴ ከተሰጠ በቃ።

እውነታ፦ ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ነው። የዶሮ ወስፋት እስከ 12 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ሲበዛ የጫጩትን አንጀት ይዘጋል። ፒፐራዚን ያስወጣዋል፤ ዶሮዋ ጉንዳንና ጢንዚዛ ስትለቅም የሚይዛትን ኮሶ ትል ግን አይነካውም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ቢሆኑ፣ እኔ ወስፋት ለያዛት ዶሮ አልተማመንባቸውም። የወስፋቱ እንቁላል ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥብ አፈር ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቆይ ሌላ ዶሮ ለመያዝ ይደርሳል፤ ከዚያም ለወራት አይሞትም። እኛ ደግሞ ሌሊት ከቆጡ ሥር የተከመረው ኩስ ሳይጠረግ፣ ጠዋት ጥሬውን እዚያው እንበትንላቸዋለን! ትናንት መድኃኒት የዋጠችው ዶሮ ዛሬ ወስፋቱን መልሳ ትለቅማለች። ስለዚህ ከቆጡ ሥር ያለውን በየሳምንቱ ጥረጉ፤ በተለይ በክረምት ወለሉ ደረቅ ይሁን፤ እህሉን በዕቃ ስጡ። ትልልቆቹ ምንም ሳይመስሉ ወስፋት ተሸክመው ስለሚዞሩ ጫጩቶቹን ለይታችሁ አሳድጉ።

መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ትኩስ ኩስ በንጹሕ ፕላስቲክ ይዛችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሂዱ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርበት ከተማ ላይ ሆኖ በግምት ማከም አያስፈልግም። መጠኑንና እንቁላሉ ሳይበላ የሚቆይበትን ቀን ከሐኪሙ ጠይቁ። የሞተችውን ለውሻ አትጣሉ፤ በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።