ስለ ቀድሞዎቹ የጭነት መኪናዎችና ስለ ሾፌሮቻቸው

በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር



በዕድሜ የገፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሲጫወቱ ሰምታችሁ እንደ ሆነ፥ ጨዋታቸው ከሰው ይልቅ ስለ መኪና መሆኑን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። አንዱ «ትሬንታ ኳትሮ» ይላል፤ ሌላው «ኤንትሬ» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው የጣርማበርን ቁልቁለት ያነሣና ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። በአጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት ይህ ሁሉ ተራ የሽማግሌ ወሬ መስሎት ጆሮውን ወደ ሌላ ያዞራል። በዚህ ንግግራችን ለመግለጽ የምንፈልገው ግን በጨዋታቸው ውስጥ ያለውን ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሾፌሮቹ የሚያስታውሱት ብረቱን ብቻ ሳይሆን፥ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረውን አንድ ሙያ ነው፤ ይኸውም ከባድ ጭነት ይዞ ከተራራ በሕይወት የመውረድ ሙያ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የንግድ ዕቃ ለብዙ ዘመን የተጓዘው በበቅሎና በአጋሰስ፥ በአህያና በግመል ጀርባ ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ቢሆን፥ ከሐዲዱ ርቆ ለሚገኘው አገር ሁሉ አጓጓዡ ያው እንስሳ ነበር። ከባድ የጭነት መኪና በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው፥ ለመናገር ደስ ባያሰኝም፥ ከጠላት ጋራ ነው። በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የኢጣልያ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ከ1,700 የሚበልጡ መኪናዎችን አሰልፎ ነበር። ጣርማበር ላይ ሲደርስ መንገዱ ተሰብሮ ስለ ቈየው፥ ዝናቡም አፈሩን ጭቃ ስላደረገው፥ ያ ሁሉ መኪና ተገትሮ ወታደሮቹ እየገፉና በገመድ እየጎተቱ ለማሳለፍ ተገደዱ። ስለዚህ ያ ተራራ የመኪና ፈተና መሆን የጀመረው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ለማለት ይቻላል።

ጠላት ከዚያ በኋላ ጦሩን ለማመላለስ ብዙ መንገዶችን ሠራ፤ ለእኛ ጥቅም አስቦ አልነበረም። ጣርማበርን ሸንቁሮ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አወጣ፤ ይህም ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከጎንደር ወደ አሥመራ የሚወስደውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ፥ ከደሴ ወደ አሰብ የሚወርደውንም መንገድ የቀደደው በዚያው በአምስቱ ዓመት ነው። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ስትወጣ፥ ከመኪናዎቹ አንዳንዱ በጦርነት ተቃጥሎ ነበር፤ አንዳንዱን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ፤ የቀረውም በአገራችን ውስጥ በቀሩት ኢጣልያውያን መካኒኮችና ነጋዴዎች እጅ፥ ቀስ በቀስም በኢትዮጵያውያን እጅ ገብቶ የንግድ ሥራ ጀመረ።

ከእነዚህ መኪናዎች ሁሉ ስሙ ያልጠፋው ፊያት 634 ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራ፥ በናፍታ የሚነዳ፥ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ሲሆን፥ በአገሩ «ዝሆን» የሚል ቅጽል ስም ነበረው። የእኛ ሾፌሮች ግን ረጅሙን ቍጥር አሳጥረው የመጨረሻዎቹን ሁለት አኀዞች ብቻ በኢጣልያንኛ ያዙ፤ «ትሬንታ ኳትሮ» ማለት ሠላሳ አራት ማለት ነው። ጉልበቱ በመጀመሪያ 75 ፈረስ ያህል ነበር። ዛሬ በከተማ የምትታየው ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ይህን የሚያህል ጉልበት አላት፤ ያ መኪና ግን በዚሁ ጉልበት ስድሳ ኩንታል ያህል ይሸከም ነበር። በሜዳ ላይ እንኳ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ሲጨመር ነገሩ የባሰ ይሆናል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋራ ሲመዛዘን ሠላሳ በመቶ ያህል ይሳሳል። ናፍታ የሚቃጠለው በአየር ነውና፥ ሞተሩ በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል፤ ያልተቃጠለውም ናፍታ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። ከዚህም የተነሣ አንድ ትሬንታ ኳትሮ ዳገት ሲወጣ ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ከኋላ ቢከተለው የሚያመልጠው አይመስልም። ሽማግሌዎቹ «ከመኪናው ጋራ አብረን ወጣን» ሲሉ እንዲያው ለማጋነን የተናገሩት ያልሆነው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መውጣትስ ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል፤ አስቸጋሪው መውረድ ነው። ከጣርማበር ዋሻ አንሥቶ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ጠቅላላ ክብደቱ መቶ ኩንታል የሆነ መኪና ይህን ያህል ከፍታ ሲወርድ፥ እርሱን ለመግታት የሚወጣው ሙቀት ሁለት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሙቀት የግድ ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የወረደ እንደ ሆነ፥ ሙቀቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይከማቻል፤ ብረቱ ይግላል፤ የፍሬኑ ሸራ መቃጠል ይጀምራል፤ ሽታው ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ቢረግጥ መኪናው አይሰማም። ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው «ፍሬን ተበጠሰ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ አልተበጠሰም፥ ግሎ ደከመ እንጂ።

ስለዚህ የድሮ ሾፌር የሚወርደው በማርሽ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ናፍታ ሳይሰጠው ሲዞር መኪናውን እንደ ልጓም ይይዘዋል፤ ሙቀቱም በራዲያተሩና በጢስ ማውጫው በኩል ወደ ውጭ ይበተናል። ፍሬኑ አልፎ አልፎ ብቻ ይነካል፤ ለክፉ ጊዜም ቀዝቅዞ ይቈያል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሾፌሮች ደንብ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ነገር ግን ማርሹ መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። የዛሬው መኪና ማርሽ ራሱን አስተካክሎ ይገባል፤ የዚያን ጊዜው ግን የሚሽከረከሩት ጥርሶች ፍጥነታቸው እኩል ካልሆነ በቀር አይገጥምም ነበር። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ባዶ ያደርጋል፤ ፍሪሲዮኑን ለቆ ሞተሩን ያስጮኻል፤ እንደ ገና ረግጦ ያስገባል። ልኩን የሚነግረው መሣሪያ አልነበረም፥ ጆሮው ብቻ ነበር እንጂ። ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ የሳተ እንደ ሆነ መኪናው ይፈጥናል፤ በፈጠነ መጠንም ማርሹ የባሰ እንቢ ይላል።

ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ በኮምቦልቻ ካነጋገርናቸው ሰዎች አንዱ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የላቸውም። በ1958 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ረዳት ነበሩ። ለአሰብ የሚሄድ ቡና ጭነው በሌሊት ከዋሻው እንደ ወጡ፥ ሾፌሩ ማርሽ ሊለውጡ ሲሉ ሳቱትና መኪናው በባዶ መንሸራተት ጀመረ። «ጋሼ ‹ታኮ!› ብለው ሲጮኹ ዘልዬ ወረድሁ» አሉን። የመጀመሪያውን ታኮ ጎማው ገፍቶ ጣለው። ሁለተኛውን በእጃቸው ይዘው ከጎማው ሥር አስገቡት፤ እጃቸውን ግን በጊዜ አላወጡትም። መኪናው ጥቂት ዘገየ፤ ሾፌሩም መሪውን ወደ ተራራው ጥግ አዙረው በድንጋዩ ላይ አስደገፉት። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ያዘኑት ለጣታቸው አይመስልም ነበር፤ ጋሼ ማርሽ የሳቱት በዚያች ሌሊት ብቻ መሆኑን ደጋግመው ሊያስረዱን ፈለጉ።

ታኮ የምንለው ከጎማ ሥር ተወትፎ መኪናን የሚያቆም የእንጨት ወይም የድንጋይ መከላከያ ነው። ቃሉ የኢጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ ተረከዝ ማለት ነው፤ ረጅም ተረከዝ ያለውን የሴቶች ጫማም ባለ ታኮ የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው። የሾፌሮች ቋንቋ እንዲህ ባሉ ቃላት የተሞላ ነው። ጎማና ካላማዳሪ፥ ባሌስትራና ፍሪሲዮን፥ ኩሽኔታና ካቻቢቴ፥ ነዳጅ የሚያመላልሰው ቦቴና ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፥ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። መኪናውን በመጽሐፍ የተማረው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ረዳቱ ስሙን የያዘው ከመካኒኩ አፍ እየሰማ፥ ዕቃውንም እያቀበለ ነው። ኢጣልያዊው መካኒክ አርጅቶ አለፈ፤ ቃሉ ግን ኢጣልያንኛ የማያውቁ ሰዎች በየጋራዡ ሲጠሩት እስከ ዛሬ አለ።

ከትሬንታ ኳትሮ በኋላ የመጣው የሾፌሮች ወዳጅ ፊያት 682 ነው። መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአገራችን ስሙ የገነነው «ኤን 3» የተባለው ዓይነት ነው፤ ኤንትሬ የምንለው እርሱን ነው። «ኤን» የተባለችው ፊደል ናፍታን ታመለክታለች። ስለ ኤንትሬ ሲነገር የማይረሳው የመሪው ነገር ነው። ኢጣልያ ውስጥ ተሽከርካሪ ሁሉ የሚሄደው በቀኝ ቢሆንም፥ የከባድ መኪና መሪ ለረጅም ዘመን ይደረግ የነበረው በቀኝ በኩል ነበር፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን ጠርዝ በገዛ ዐይኑ እያየ እንዲሄድ ነው። ኢትዮጵያም ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የመንገድ አሄዷን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለውጥ፥ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና የሚነዳ ሰው በድንገት ከመንገዱ መካከል ወደ ገደሉ አጠገብ ተዛወረ። ጎማው ከጠርዙ ስንት ስንዝር እንደ ቀረው ያያል፤ ከፊቱ ያለውን መኪና ሊያልፍ ሲፈልግ ግን የሚመጣውን አያይም። ያን ጊዜ በግራ የተቀመጠው ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ይለፉ» ወይም «ይቈዩ» ይላል። አንድ ልጅ በአንዲት ቃል የሁለት ሰው ሕይወትና የአንድ ባለ ሀብት ጥሪት ይይዝ ነበር ማለት ነው።

ስለ ኩባንያዎች ብዙ የምንለው የለም፤ ምክንያቱም በጠላት ጊዜ ሲታዎ የሚባል ትልቅ የማመላለሻ ኩባንያ የነበረ ቢሆንም፥ ከነፃነት በኋላ የጭነት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት መኪና ባለቤት ሥራ ነበር። ሾፌሩ ባለ መኪናውን ያውቀዋል፤ ባለ መኪናውም ብዙ ጊዜ ራሱ ሾፌር የነበረ ሰው ነው። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ እየተሻሻለ፥ ወደ አሰብም የሚደረገው ጉዞ እየበዛ ሄደ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ጭነት በመንግሥት ድልድል በተራ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ጊዜ እህል በአሰብ ወደብ ተከምሮ የሚያነሣው መኪና አልበቃ ሲል፥ ሾፌሮቹ በአፋር በረሓ ሌሊትና ቀን ተመላለሱ። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የጭነት ገበያው እንደ ገና ለግል ተፈታ። በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱም ሁሉ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ። የኮምቦልቻ ሽማግሌዎች ስለ ኩባንያና ስለ ደንብ ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ወደ ማርሽ ተመለሱ፤ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን።

ዛሬ በዚያው ቁልቁለት የሚወርዱት መኪናዎች ከ300 የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ፍሬናቸውም ከቀድሞው እጅግ ይሻላል። ሆኖም ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፥ ኢሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሟቸዋል። የቀድሞዎቹን መኪናዎች ሾፌሮቻቸው በፋብሪካ ቍጥራቸው ይጠሯቸው ነበር፤ ለእነዚህ ግን ስም ያወጣላቸው የሚፈራቸው እግረኛ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በወጣት ሾፌሮች ላይ መጫን ተገቢ አይደለም፤ ብዙዎቹ የመንጃ ፈቃድ ያገኙት የረዳትነትን ዓመታት ሳያዩ ነው፤ ባለ ንብረቱም ቶሎ ደርሰው ቶሎ እንዲመለሱ ያስቸኩላቸዋል። ነገር ግን ጉልበት መውጣትን ያቀላል እንጂ ሲወርዱ የሚወጣውን ሙቀት አይቀንስም፤ ጭነቱ በእጥፍ ሲያድግ ሙቀቱም በእጥፍ ያድጋል። የድሮ ሾፌር ያለ ትምህርት ቤት ያወቀው ይህንን ነው።

ሁለት ጣት የሌላቸው ሽማግሌ ከሥራ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ልጃቸው አዲስ አበባ ስለሚኖር በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደብረ ብርሃንን እስኪያልፉ ድረስ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ያንቀላፋሉ፤ ዋሻው ሲቃረብ ግን ነቅተው ይቀመጣሉ። ሾፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ሲያከብድ ድምፁን ከሰሙ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኛሉ፤ ካልሰሙ ግን እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ የፊተኛውን ወንበር እንደ ያዙ ይወርዳሉ።