ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ስሙ አመጣጥ

ባቄላ በሚበቅልበት በመንዝና በግሼ ደጋ የጾምን ማዕድ ከሚያጣፍጡት አንዱ ስልጆ ነው። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት የጐደለው እንደ ሆነ ባለሙያዪቱ ሴት ስልጆ ነው አትለውም። በመርሐ ቤቴም ቢሆን ሽሮ ያለ እርሱ አይጥምም።

ይህ ተክል በየቤቱ የታወቀ ሲሆን ስሙን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። በአማርኛችን የሚቁላላውንም የሚወቀጠውንም ሽንኩርት ብለን በአንድ ስም እንጠራና ቀይና ነጭ እያልን በመልካቸው እንለያቸዋለን። ግዕዝ ግን ለነጩ የራሱ ስም አለው፤ ሶመት ይለዋል። ዕብራይስጥ ሹም፥ ዐረብኛም ቱም ይሉታልና ሦስቱ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆናቸው ይታወቃል። ሽንኩርት የሚለውም ቃል የግዕዙ ስጉርድና የትግርኛው ሽጉርቲ ዘመድ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ጋርሊክ ሲሉ፥ በጥንት ቋንቋቸው የጦር ሽንኩርት ማለታቸው ነው።

እስራኤል በምድረ በዳ የግብፅን ምግብ ናፍቀው ባለቀሱ ጊዜ ከቈጠሩት አንዱ ይህ እንደ ሆነ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ተጽፏል። በ1915 ዓ.ም. በተከፈተው በንጉሥ ቱታንክአሙን መቃብርም የደረቀ ነጭ ሽንኩርት ተገኝቷል።

ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው እንደ ገብስ እየተዘራ አይደለም። ራሱ ይፈለፈልና ፍንካቹ ይተከላል እንጂ ከአበባው ዘር አይለቀምለትም። ስለዚህ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እንደ ተላለፈ ሁሉ፥ ተክሉም እናት ለልጇ፥ ጎረቤትም ለጎረቤት እየሰጠች ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል።

ነገር ግን በዚሁ መንገድ ደዌም ይተላለፋል። በሰሜን ሸዋ ገበሬውን ያስቸገረው፥ ራሱን በነጭ ሻጋታ ሸፍኖ ከሥሩ የሚያበሰብሰው በሽታ ከታመመ ፍንካች ጋራ ይጓዛል፤ አንድ ጊዜ መሬት ከገባም ከ20 ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል።

እንግዲህ አስተዋይ የቤት እመቤት ትልልቁን ለወጥ፥ ጭርንቁሱን ለመትከያ አታድርግ። ገና ሲነቀል ንጹሑንና ጠንካራውን ራስ ለይታ ለዘር ታኑር፤ የበሰበሰውን በእሳት ታቃጥል እንጂ ከፍግ ጋራ ወደ ጓሮ አትመልስ፤ መደቡንም በየዓመቱ ትለውጥ። ሻጋታ በታየበት መሬት ግን ቀዩንም ሆነ ነጩን ሽንኩርት ለብዙ ዓመት አትትከል። ይህን ሳይጠነቀቅ ለጎረቤቱ ዘር የሚሰጥ ሰው፥ ቸርነት ያደረገ እየመሰለው የጎረቤቱን ጓሮ ያጠፋል።